ግራ እጅ

ኮትካ ወደብ ላይ፣ በኅዳር ጨለማ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መብራት በሚበራባት ከተማ፣
ያልማሪ ከጣሪያ ሥር አሮጌ ካርቶን አወረደ፤
እፍ ቢለው አቧራው ቦነነ፣ ልጅነቱ መጣና ሄደ።
ሦስት ዲስኬት። አንዱ ሻግቷል፤ ሁለቱ ነፍስ አላቸው፤
«የነፋስ ዘበኛ» ይላል በእርሳስ የተጻፈው ስማቸው።

ጨዋታው ይህ ነው፦ አንድ ሽማግሌ ጋዝ ተሸክሞ
የማማ ደረጃ ይወጣል፣ ሲደክመው በየመስኮቱ ቆሞ፤
መርከብ ከድንጋይ እንዳይላተም ፋኖሱን ሊያበራ፤
የባሕር ወፍ ደግሞ ክሩን ትነጥቃለች ከማማው ጣራ።
ስልሳ አራተኛው እርከን ላይ ግን ሁሉም ነገር ይደርቃል፤
ሰውዬው አንድ እግሩን አንሥቶ ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል።

ያልማሪ ጥፋተኛዋን ቁጥር ፈልጎ አገኛት፣ አረማት።
ሰውዬው ረገጠ። ወጣ። እኛም በእኩለ ሌሊት ጮኽንለት።
«ለሁሉም ልስጠው» አለ፤ «ኮዱም ሥዕሉም ይከፈት፤
ልጆች ፈትተው ይግጠሙት፣ ማማ ላይ ማማ ይጨምሩበት።»
ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነው፦ የማን ነው?
ማንን አስፈቅደን ነው?

ኩባንያው ከስሯል፤ አበዳሪው ባንክ ወርሶታል፤
ባንኩን ሌላ ባንክ ውጦታል፤
የዋጠው መዝገቡን በጅምላ ለማልሞ ነጋዴ ሸጠው፤
ነጋዴውም ሞተና ለሦስት ወራሽ ተወው፤
አንዷ ወራሽ ሉክሰምበርግ ያለች የፖስታ ሣጥን ናት፣
በር የላት፣ መስኮት የላት።
አሥራ አንድ ደብዳቤ ተጻፈ። ቴምብሩን የለጠፍኩት እኔ።
አንድ መልስ መጣ፣ ከጠበቃ፦
«መብቱ የደንበኛዬ መሆኑን አናረጋግጥም፤
አለመሆኑንም አናረጋግጥም፤
ብትነኩት ግን እንከሳለን።»

ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር ጎዶሎ ነው ይላል ሰዋስው።
ይኸኛው ጎዶሎ ግን ይከሳል! እንግዲህ ምን ይባል ነው?
ከዚህ ሁሉ ፍለጋ የተገኘች አንዲት ባለቤት
እኔ ነኝ፤ የያልማሪ፤ ሾርባ የማሞቅለት በሌሊት።

ሕጉ ይላል፦ ሠሪው ሞቶ ሰባ ዓመት ይለፍ።
ዲስኬት ያን ያህል ዕድሜ የለው፤ መርገፍ ነው፣ መርገፍ።

ሂልካን አገኘናት፣ ወፏን የሣለቻትን፣
ካርሁላ፣ ወንዙ ዳር፣ ሰማንያ ሁለት የሞላትን።
ክንፏን በአራት ነጥብ፣ ዐይኗን በአንድ ነጥብ ሠርታለች፤
«እሷማ ልጄ ናት» አለች፤
«ግን ፈርሜ ሰጥቻታለሁ፤ ስድስት መቶ ማርካ፤
ጫማና ምድጃ ገዛሁበት። በቃ።»

«እንግዲያው ሌላ ወፍ ሣይልን።» ብዕር ያዘች።
ሣለች፦ ያችው ወጣች።
ደገመች። ያችው። አንገቷን ብታሳጥር፣ ምንቃሯን ብታረዝም፣
ያችው ናት፤ እጅ የለመደውን አይረሳም።
«የሸጥኩት ሥዕሉን ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች፤
«ለካ እጄም አብራ ሄዳለች።»

ያልማሪ ቆቡን በጣቱ አሽከረከረ። ግራ ገባን።
ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መስኮቱ ጠቆረብን።
ሂልካ ብዕሩን አየችው፤ ከቀኟ ወደ ግራዋ አዞረችው፤
ሪህ ያቆራመዳትን ያችን እጅ ወረቀቱ ላይ አሳርፋ፣
«ይቺ» አለች፣ «ምንም ውል አልፈረመችም።»

አንድ ክንፏ የረዘመ፣ ዐይኗ ግንባሯ ላይ የሆነ፣
ጐባጣ፣ ወፍነቷን ራሷ የተጠራጠረች
አንዲት ፍጥረት እየተንቀጠቀጠች ወጣች፣
ለማንም ያልተሸጠች።

ማማው እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ነው። ደረጃውም። ሽማግሌውም፣
ያን ያህል ለፍቶ።
ያልማሪ ሁሉንም አጠፋና እሷን ብቻ አስገባት፤
ጥቁር ስክሪን ላይ እየተንጋደደች ትበራለች፣
ማረፊያ የላትም።
«መጀመሪያ ድንጋይ ልሥራላት» ብሎ ተቀምጧል።
ሾርባው እንደገና ቀዝቅዟል።